የተዛነፈ የሴራሚክ ግሪል ክዳን ማስተካከል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ ሁኔታ

ግሪሉ ወፍራም የሴራሚክ ግድግዳ ያለው፣ በከሰል የሚሠራ፣ ክዳኑ ጉልላት የሚመስል ነው። ክዳኑንና የታችኛውን አካል የሚይዙት ሁለት የብረት ቀበቶዎች ሲሆኑ፣ ቀበቶዎቹን ከኋላ በኩል በሞላ የታገዘ ማጠፊያ ያገናኛቸዋል። ሁለቱ አካላት አፍ ለአፍ በሚገጥሙበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ሙቀት የሚቋቋም የፌልት (ከተጠቀጠቀ ክር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ጋስኬት፣ ማለትም አየር እንዳያልፍ ክፍተቱን የሚያሽግ ጥብጣብ፣ ተለጥፏል።

ችግሩን መጀመሪያ ያሳየው እሳቱ ነው። የታችኛው የአየር ማስገቢያና የላይኛው ጭስ ማውጫ ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ እሳቱ ታፍኖ መጥፋት ሲገባው፣ ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ ይነድ ነበር። በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቆይ የተስተካከለ ሙቀትም ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ከ150 በላይ ይወጣል። አየር በሌላ መንገድ እየገባ ነው ማለት ነው። ክዳኑን ከፊት ለፊት ሲያዩት ደግሞ ወደ ግራ ማዘንበሉ በዓይን ይታወቃል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው አዲስ ጋስኬት ገዝቶ መለጠፍ ነው። እኔ ግን ጋስኬቱን በመጨረሻ ለመሥራት ወሰንሁ፤ ምክንያቱም የተዛነፈ ክዳን አዲሱን ጋስኬት በአንድ በኩል ጨፍልቆ፣ በሌላ በኩል ሳይነካው ስለሚተው፣ ክፍተቱ ለጥቂት ጊዜ ተሸፍኖ ከመቆየት በቀር ምንም አይለወጥም።

ደረጃ አንድ፦ ምርመራ

የመጀመሪያው ፍተሻ በወረቀት ነው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ወረቀት በጠርዙ ላይ አድርጎ ክዳኑን መዝጋትና ወረቀቱን ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም ዙሪያውን በየመዳፉ ርቀት ይህንኑ መድገም ነው። በግራ በኩል ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተይዞ ቀረ፤ በቀኝ የፊት ክፍል ግን ያለ ምንም መጎተት ወጣ።

ሁለተኛው በብርሃን ነው። የውስጥ ዕቃዎቹን ሁሉ ካወጣሁ በኋላ ባትሪ መብራት ከውስጥ አስቀምጬ፣ ጭስ ማውጫውን በጨርቅ ሸፍኜና ክዳኑን ዘግቼ በጨለማ ዙሪያውን አየሁት። ከእጀታው አጠገብ ጀምሮ እስከ ቀኝ ጎን ድረስ ቀጭን የብርሃን ቅስት ታየ። ሰፊው ቦታ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ምላስ) ሲለካ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ሦስተኛው የጠመኔ ፍተሻ ነው፤ የበለጠ የማምነውም እርሱን ነው። የታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በጠመኔ ቀብቶ ክዳኑን በእርጋታ መዝጋትና መክፈት በቂ ሲሆን፣ ሁለቱ ጠርዞች በትክክል የተነካኩበት ቦታ ሁሉ በክዳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወረቀት የሚናገረው ስለ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጠመኔ ግን ሙሉውን ዙር በአንድ ጊዜ ያሳያል። በዚህም መሠረት ግራው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ፣ ከቀኙ የፊት ክፍል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ምንም ምልክት ሳይኖረው ቀረ።

ቀጥሎ የክዳኑንና የታችኛውን አካል የውጭ ጠርዝ በማስመሪያ አስተያየሁ። ከኋላ፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ልዩነት የለም። ወደ ፊት ሲመጡ ግን ልዩነቱ እያደገ ሄዶ እጀታው ዘንድ ሲደርስ ክዳኑ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ግራ ወጥቷል። ይህ አስፈላጊ ፍንጭ ነው። ከኋላ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚያድግ መዛነፍ ማጠፊያው መጣመሙን ያመለክታል፤ ከፊትም ከኋላም እኩል የሆነ መዛነፍ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ በቀበቶው ውስጥ ወደ ጎን መንሸራተቱን ባመለከተ ነበር።

ክዳኑ በቀበቶው ውስጥ መንሸራተቱም ቢሆን በሌላ ምልክት ታወቀ። በግራ በኩል፣ ልክ ከላይኛው ቀበቶ የታችኛው ጠርዝ ሥር፣ የክዳኑ የመስታወት ቅብ አንድ ጠባብ መስመር ያህል እንደ አዲስ ያበራል። ከዚያ በታች ያለው ቅብ በጭስ ቡና ዓይነት ሆኗል። የሚያበራው መስመር በግራ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ወደ ኋላና ወደ ፊት እየጠበበ ይሄድና በቀኝ በኩል ጨርሶ ይጠፋል። ይህ መስመር ቀደም ሲል በቀበቶው ተሸፍኖ የነበረ ቦታ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በግራ በኩል ከቀበቶው ወደ ታች ሾልኳል፤ ሲዘጋም ግራው ቀድሞ ያርፍና ቀኙን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

እንግዲህ ያሉት ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፦ የተጣመመ ማጠፊያና በቀበቶው ውስጥ ያዘነበለ ክዳን። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው ሥራውን ከግማሽ መንገድ ይመልሰዋል።

ቀበቶው ለምን ይለቃል

ብረት ሲሞቅ ከሴራሚክ እጅግ በበለጠ ይሰፋል። ተራ ብረት ለእያንዳንዱ ሜትር በአንድ ዲግሪ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ፣ የማይዝገው ስቴንለስ ደግሞ 17 ማይክሮን ገደማ ይረዝማል፤ ለእሳት የሚሠሩ እንደ ኮርዲየራይት ያሉ ሴራሚኮች ግን ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው የሚረዝሙት። ቀበቶው 50 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ካለው ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር ነው። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር የስቴንለሱ ቀበቶ ዙሪያ 2.7 ሚሊ ሜትር ሲያድግ፣ የሴራሚኩ ዙሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። በቀዝቃዛው ጊዜ ቀበቶው ተወጥሮ የተጠበቀበት ኃይል የዚህን ልዩነት የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል፤ የቀረው ግን ልቅነት ሆኖ ይታያል፤ ክዳኑም በከባድ ክብደቱ በዚያ ልቅነት ውስጥ በየማሞቂያው በጥቂቱ ይንሸራተታል።

በዚህ ላይ የቀበቶው ቡሎኖች ዳዶዎች ውስጣቸው የናይለን ቀለበት ያለባቸው ዓይነት ሆነው ተገኙ። የናይለን ቀለበት ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ቀበቶ ደግሞ በኃይለኛ እሳት ጊዜ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። አንዱን ዳዶ በፈታሁት ጊዜ ናይለኑ ቀልጦ በቡሎኑ ጥርስ ላይ እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ተጠቅልሎ ነበር። ስለዚህ የተገዛው የመጀመሪያው ነገር ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ፣ ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ዳዶ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ መሣሪያና ጥንቃቄ

ቁልፎች፣ የጎማ መዶሻ፣ ስፓቱላ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ማስመሪያና የጭነት ማሰሪያ ጠፍር በእጄ ነበሩ። የተገዙት የብረት ዳዶዎች፣ አሴቶን (ማጣበቂያ የሚያሟሟ ፈሳሽ)፣ አዲስ ጋስኬት፣ ኋላም አንድ ጥቅል የፋይበርግላስ ጥብጣብ ናቸው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ጋስኬቱ ሲሆን፣ ሥራውን የወሰኑት ግን ርካሾቹ ዳዶዎችና ጥብጣቡ ናቸው።

ስለ ሞላዎቹ ማንኛውም ሰው ከመጀመሩ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሞላው ክዳኑን ለማንሣት የሚረዳ በመሆኑ ውጥረቱ ትልቁን ልክ የሚይዘው ክዳኑ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የላይኛው ቀበቶ ቢላላ፣ ሴራሚኩ በክብደቱ ባለበት ሲቀር ቀበቶውን ሞላው ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ቀበቶው ልል ሆኖ ሳለ ክዳኑን መክፈት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ሴራሚኩ ከቀበቶው ሾልኮ ይወድቃል። ስለዚህ ጠፍሩ ማሰር ያለበት ሴራሚኩን ብቻ ሳይሆን ቀበቶውን ነው።

በዚህ ግሪል ላይ ሞላዎቹ በዘንግ ላይ የተሰኩና በዳዶ የሚጠብቁ ናቸው። ቀበቶዎቹ ገና ጥብቅ ሳሉ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ፣ የእያንዳንዱን ዳዶ ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌ፣ ውጥረቱ እስኪጠፋ ድረስ አላላኋቸው። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ስለሚወርድ፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከጎን ሆኖ በሁለት ሰው ነው የተዘጋው። በመጨረሻም የላይኛውን ቀበቶ በእጀታው በኩል ከግሪሉ እግር ጋር በጠፍር አሰርሁት።

ደረጃ ሦስት፦ የመጀመሪያው ሙከራ

ማጠፊያው ቀድሞ መስተካከል አለበት፤ ክዳኑ የሚለካው ከማጠፊያው ተነሥቶ ነውና። የማጠፊያው ቡሎኖች በ12 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሲሆኑ ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ውፍረት ትንሽ ይሰፋሉ። ከኋላ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል መንሸራተት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስትደርስ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ይህም ከተለካው መዛነፍ ጋር ይገጥማል። ቡሎኖቹን በግማሽ ዙር አላልቼ፣ ረዳቱ የክዳኑን ግራ ጎን በመዳፉ ወደ ቀኝ እየገፋ ሳለ፣ በሰያፍ እያቀያየርሁ አጠበቅኋቸው። እጀታው ዘንድ የነበረው ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ወረደ። ይህን ማስተካከያ በመዶሻ መሥራት አያስፈልግም፤ የመዳፍ ግፊት ይበቃል።

ከዚያ የላይኛውን ቀበቶ ቡሎን አላልቼ ክዳኑ በራሱ ክብደት በታችኛው ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ሲላላ ቀኙ ወደ ታች ወርዶ የተቀመጠበት ድምፅ ተሰማ። ቀበቶውን ዙሪያውን በጎማ መዶሻ በቀስታ እየመታሁ ወደ ቀድሞ ቦታው ካወረድሁት በኋላ አጠበቅሁት። የወረቀቱም የብርሃኑም ፍተሻ መልካም ሆነ።

አሮጌው ጋስኬት እንዳለ ሆኖ በ200 ዲግሪ አሞቅሁትና ካደረ በኋላ መረመርሁት። የሚያበራው መስመር በግራ በኩል እንደገና ብቅ ማለት ጀምሯል። ማጠፊያው ቦታውን ይዟል፤ ቀበቶው ግን አልያዘም።

ምክንያቱ የተገኘው በቀበቶው ጆሮዎች ላይ ነው። ቡሎኑ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ጆሮዎች ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው ተነካክተዋል። ጆሮ ለጆሮ ከተገናኘ በኋላ ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ኃይሉ የሚያርፈው ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ሴራሚኩን የሚያቅፍ ውጥረት አይጨምርም። ቁልፉ ላይ የሚሰማው ጥብቀት እውነተኛ ይመስላል፤ ክዳኑን ግን የሚይዘው የለም። ይህን ዓይነት ጥገና ለሚጀምር ሁሉ በቅድሚያ የምመክረው የጆሮዎቹን ክፍተት እንዲያይ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ማጥበቁ ዋጋ የለውም።

ደረጃ አራት፦ ቀበቶውን ማጥበብ

ሁለት አማራጮች ነበሩ፤ አዲስ ቀበቶ ማስመጣት ወይም በቀበቶውና በሴራሚኩ መካከል ስስ ነገር ማስገባት። ሁለተኛውን መረጥሁ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተሸመነ የፋይበርግላስ ጥብጣብ በቀበቶው ውስጥ ዙሪያውን ሲገባ ራዲየሱን በ1 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያውን ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ያሳድገዋል። ያ ሁሉ ወደ ጆሮዎቹ ክፍተት ይሄዳል። ከዚህም በላይ ሽመናው ሸካራ ስለሆነ በለስላሳው የመስታወት ቅብ ላይ ብረት ከሚይዘው በተሻለ ይይዛል። የጎማ ወይም የፕላስቲክ ነገር እዚህ ቦታ አይገባም፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

ሞላዎቹ ቀድሞውኑ ስለላሉ፣ የፊቱን ቡሎን አውጥቼ ቀበቶውን በጣት ስፋት ያህል ከፈት ማድረግ አላስቸገረም። ክዳኑ አልተነሣም፤ በታችኛው አካል ላይ እንደ ተቀመጠ ነው ጥብጣቡ የገባው። ጥብጣቡን በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ከክዳኑ ጋር አጣብቄ፣ ቀበቶውን ወደ ላይ መልሼ ካጠበቅሁ በኋላ ፕላስተሩን ላጥኩት። ጫፎቹ አልተደራረቡም፤ ቢደራረቡ ኖሮ በዚያ ቦታ ሴራሚኩ ላይ ጉብታ ፈጥረው ግፊቱን በአንድ ነጥብ ላይ ባከማቹት ነበር።

ከማጥበቁ በፊት የተሠራ አንድ ነገር በዚህ ጥገና ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጠቅሟል እላለሁ። አሮጌው ጋስኬት ተፍቆ ከወጣ በኋላ ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ አርፎ ቀበቶው ቢጠብቅ፣ ኋላ የሚለጠፈው ጋስኬት ከኋላ፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ይጨፈለቅና በውፍረቱ ክዳኑን ከፊት ያነሣዋል፤ ማጠፊያው ዘንድ ያለው ከፍታ ቋሚ ነውና። ስለዚህ የጋስኬቱን ቦታ የሚይዙ አራት እኩል የካርቶን ቁራጮች፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝና ከግራ፣ በጠርዙ ላይ አስቀመጥሁ። አዲሱ ጋስኬት ሳይጨቆን 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የክዳኑ ክብደት ሲያርፍበት ወደ 2 ስለሚወርድ ካርቶኖቹን 2 ሚሊ ሜትር አደረግኋቸው። ክዳኑ በአራቱም ላይ እኩል ማረፉ የተረጋገጠው እያንዳንዱን ካርቶን በእጅ ለማውጣት ሲሞከር እኩል ስለተያዘ ነው። በመጀመሪያ የኋላው ካርቶን ከልክ በላይ ተጨቁኖ ስለነበር የማጠፊያውን የላይኛውን ሳህን አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ።

ከዚያ ቀበቶው ጠበቀ፤ ጆሮዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቀው ቀሩ። ዳዶው ባለበት ቦታ ላይ ከዳዶው እስከ ቀበቶው ጆሮ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር አሰመርሁ፤ ዳዶው ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይሰበራል።

ደረጃ አምስት፦ ጋስኬት

የአሮጌው ጋስኬት ፌልት ራሱ በቀላሉ ተላጠ። ብዙ ጊዜ የወሰደው ማጣበቂያው ነው። ስፓቱላውን ተኝቶ እንዲንሸራተት እንጂ እንዳይቆፍር አድርጎ መያዝ፣ የቀረውን ደግሞ በአሴቶን በረጠበ ጨርቅ ማሸት ይገባል። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው እሳትና ፍም በሌለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው የተሠራው። ሴራሚኩ ቀዳዳማ በመሆኑ አሴቶኑ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ድረስ ማጣበቂያ አልተቀባም።

የኖሜክስ (ሙቀት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ክር) ፌልት መረጥሁ። የፋይበርግላስ ጋስኬት የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን ጠጣር ስለሆነ የጠርዙን ትናንሽ ሞገዶች አይሞላም። የዚህ ግሪል ጠርዝ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውጣ ውረድ አለው፤ እርሱንም በሞረድ ወይም በመፍጫ ማስተካከል አልፈለግሁም፤ ፌልቱ የሚችለውን ልዩነት ለማጥፋት ሴራሚክን መፈግፈግ ስንጥቅ የመጋበዝ ያህል ነውና።

ሲለጠፍ ፌልቱ አልተወጠረም። የተወጠረ ፌልት ሲሞቅ ይሸሽና መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። በየጥቂቱ አስቀምጦ በጣት መጫን፣ ጫፎቹንም በስለታም ምላጭ ቆርጦ አፍ ለአፍ ማጋጠም ነው። የላይኛውና የታችኛው መገጣጠሚያ በአንድ ቦታ እንዳይገናኙ አንዱን ከኋላ በግራ፣ ሌላውን ከኋላ በቀኝ አድርጌአለሁ። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ በክብደቱ እየጫነ 24 ሰዓት ቆየ።

ደረጃ ስድስት፦ ሞላውን መመለስና ማሞቅ

ሞላዎቹን በቀለሙ ምልክት መሠረት፣ ነገር ግን ከምልክቱ አንድ ዙር ጎድሎ እንዲቀር አድርጌ አጠበቅኋቸው። ከልክ በላይ የጠበቀ ሞላ ክዳኑን ለመክፈት ቀላል ያደርገዋል፤ ሆኖም ተዘግቶ ሳለም ወደ ላይ ስለሚገፋው ጋስኬቱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይቀንሳል። በአሁኑ ሁኔታ ክዳኑ በግማሽ ሲከፈት ባለበት ይቆማል፣ የመጨረሻው መዳፍ ያህል ሲቀረው ደግሞ በራሱ ክብደት ይዘጋል። የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ማሞቁ በየደረጃው ሆነ፤ በመጀመሪያ በ110 ዲግሪ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻም በ250። ከእያንዳንዱ በኋላ ግሪሉ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የዳዶዎቹ የቀለም መስመር ታየ። ቀበቶው በትኩስነቱ ከጠበቀ፣ ሲቀዘቅዝና ሲሰበሰብ በቡሎኑና በሴራሚኩ ላይ ያልታሰበ ጫና ስለሚያመጣ፣ ማጥበቅ ያለበት በቀዝቃዛው ብቻ ነው። ከ180 በኋላ የላይኛው ቀበቶ ጥብጣቡ በመቀመጡ የሩብ ዙር ማጥበቅ ፈለገ። ከ250 በኋላ ግን ሁሉም መስመሮች ባሉበት ነበሩ።

በ250 ላይ እያለ ሁለቱን የአየር መንገዶች ዘጋሁ። ጭስ ከዙሪያው አልወጣም፤ ከኋላ መገጣጠሚያው በኩል ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ታየና ቆመ። የቴርሞሜትሩ መርፌ ወዲያው መውረድ ጀመረ፤ በማግስቱ ሲከፈት ከግማሽ በላይ ከሰል ሳይነድ ተርፏል። አየር ያጣ እሳት ያለበትን ክዳን በዚህ ፍተሻ መካከል ለመክፈት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ ጥቂት መጠበቅ አለበት፤ በድንገት ከተከፈተ የሚገባው አየር ነበልባሉን ወደ ፊት ያስወጣዋልና።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ወረቀቱ ዙሪያውን እኩል ይያዛል። የጠመኔው ምልክት ሙሉ ቀለበት ሆኖ ይወጣል፤ ከእጀታው በስተቀኝ ያለው የመዳፍ ስፋት ብቻ ከሌላው ይሳሳል፣ ግን አልተቋረጠም። እጀታው ዘንድ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ቀርቷል፤ ጋስኬቱ ከዚያ በብዙ ስለሚሰፋ አልነካሁትም። በላይኛው ቀበቶ ሥር የሚያበራ አዲስ መስመር እስካሁን አልታየም። የታችኛው ቀበቶ ዳዶዎች ገና የናይለኖቹ ናቸው፤ ቀጣዩ ሥራ እነርሱን በብረት ዳዶ መተካትና የዚያኛውን ቀበቶ የጆሮ ክፍተት መለካት ነው።